የሴንሰር ኮሚዩኒቲ የአየር መለኪያ ኪት ለባሕር ዳር፦ ጭሱን ይነግራችኋል፣ አቧራውን ግን አትመኑት

ባሕር ዳር ላይ ስለ አየር የሚነሳው ምሬት ሁለት ዓይነት ነው። በጋ ሲገባ አቧራው፣ ማለዳና ማታ ደግሞ የማገዶና የከሰል ጭሱ። ሴንሰር ኮሚዩኒቲ በሚባለው የጋራ መረብ ላይ የሚሠራው የአየር መለኪያ ኪት ጭሱን በደንብ ይይዛል፤ አቧራውን ግን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ይህን ሳያውቅ አሥር ኪት ገዝቶ ከተማው ላይ የሚሰቅል ማኅበር ዓመቱ ሲያልቅ «አቧራችን ያን ያህል አይደለም» የሚል ካርታ ታቅፎ ይቀመጣል። አውቆ ለሚሰቅለው ግን በዚህ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ የሚገኝ አይመስለንም።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመኗ ሽቱትጋርት ከተማ ነው፤ ያኔ ስሙ ሉፍትዳተን ነበር። በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ከገበያ የሚገኙ ርካሽ ክፍሎችን አጣምረው ማንም ቤቱ ተቀምጦ ሊገጣጥመው የሚችል መለኪያ አወጡ፤ ንድፉንም ፕሮግራሙንም በነፃ ለቀቁት። እያንዳንዱ ኪት ልኬቱን በዋይፋይ ወደ አንድ ካርታ ይልካል፤ ካርታውም ሆነ የተጠራቀመው መረጃ ለሁሉም ክፍት ነው። በአፍሪካ ይህንኑ ሐሳብ ይዞ የተነሳው ሴንሰርስ አፍሪካ ነው። ካምፓላ ያለው የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ኤርኮ ግን ሌላ መንገድ መርጦ የራሱን መሣሪያ ሠርቷል፤ ለምን እንዳደረገው መብራት ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

ኪቱ ውስጥ ያለው ይህ ነው። አንጎሉ ኖድ ኤምሲዩ የሚባል፣ ኢኤስፒ8266 ቺፕ ያለው ሰሌዳ ነው። ብናኙን የሚለካው ኤስዲኤስ011 ነው፤ 71 በ70 በ23 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳጥን ሲሆን ውስጡ ሌዘርና አነስተኛ ማራገቢያ አለው። ለሙቀትና ለእርጥበት ዲኤችቲ22 ወይም ቢኤምኢ280 ይገጠማል። ከዚያ በሁለቱም ጫፍ ፒን ላይ የሚሰኩ 20 ሳንቲ ሜትር ጃምፐር ሽቦዎች፣ የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ለስላሳ ቱቦ፣ 2 ሜትር የዩኤስቢ ገመድ፣ ቻርጀር፣ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች፣ በመጨረሻም ሁሉንም የሚሸፍኑ ሁለት ባለ 75 የፍሳሽ ኤልቦዎች። ኤልቦው፣ ቱቦው፣ ገመዱና ማሰሪያው ከተማው ውስጥ ካሉ የሕንፃ መሣሪያና የኤሌክትሪክ ሱቆች ይገኛል። ኤሌክትሮኒክሱን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ፣ ዕቃው ሬዲዮ ያለው መሆኑን ቀድማችሁ ተናገሩና ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፤ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ መሯሯጥ ይከብዳል።

ሲገዛ የሚያታልለው

ዋናው ወጥመድ ቢኤምኢ280 ነው። በዚህ ስም የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቢኤምፒ280 ሆኖ ይገኛል። ሰሌዳቸው መንታ ነው፤ ቢኤምፒው ግን እርጥበት አይለካም። የሚለያቸው መሀል ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ቆብ ናት፦ የቢኤምኢው ጎኖቿ እኩል፣ 2.5 በ2.5 ሚሊ ሜትር፤ የቢኤምፒው ረዘም ያለች፣ 2 በ2.5። በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት ይበቃል። ሐይቅ ዳር ላይ እርጥበት የማይለካ ኪት ግማሽ ኪት ነው። ሌላው ነገር፣ የቢኤምኢው ፒኖች አብዛኛውን ጊዜ ሳይበየዱ ለብቻቸው ነው የሚመጡት። «ብየዳ አያስፈልገውም» የሚባለው ለዲኤችቲ22 ነው፤ ለቢኤምኢው አራት ነጥብ የሚበይድ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ፈልጉ።

ታዲያ ዲኤችቲውን ገዝቶ መገላገል አይሻልም? ለደረቅ አገር አዎ። ክረምት ላይ ለጣና ዳር ግን አይሆንም። ዲኤችቲ22 ጤዛ ሲይዘው 99.9 በመቶ ላይ ተቸንክሮ ፀሐይ ወጥታም አልወርድ ይላል። ቢኤምኢው ቶሎ ይደርቃል፤ በዚያ ላይ የአየር ግፊት ይለካል። ግፊቱ 820 ሄክቶ ፓስካል አካባቢ ሲያሳይ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት፤ መጻሕፍት ላይ የሚታየው 1013 የባሕር ጠለል ግፊት ነው፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት።

ኖድ ኤምሲዩ በሁለት ዓይነት ይመጣል። ሰፊው ሦስተኛው ሥሪት ቪዩ የሚባል ፒን አለው፤ ከዩኤስቢው የሚመጣውን 5 ቮልት በቀጥታ ያወጣል። ጠባቡ ሁለተኛው ሥሪት ቪዩ የለውም፣ በምትኩ ቪን ከሚለው ይወሰዳል። የሚሻለው ሰፊው ነው፤ ኮምፒዩተራችሁ ካላወቀው ግን ሲኤች340 የተባለውን ድራይቨር ጫኑለት። ድራይቨሩ ተጭኖም ዝም ካለ ገመዱን ቀይሩ። ሱቅ ካለው ርካሽ ገመድ ብዙው ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒዩተሩ ግን ምንም አያይም።

ኤልቦ ስትገዙ ኤስዲኤስ011ን ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ንድፍ የተሠራው ለጀርመን ቱቦ ነው። እዚህ የሚሸጠው ባለ 75 እንደ አምራቹ የግድግዳው ውፍረት ይለያያል፤ አፉ ሰፋ ባለበት በኩል 71 ሚሊ ሜትሩ ሳጥን ካልገባ አታስገድዱት፣ ባለ 110ውን ውሰዱ። ያስቀይም ይሆናል እንጂ ልኬቱን አይጎዳም። ለቱቦው ደግሞ የባጃጅ መለዋወጫ ቤት የሚሸጠው የነዳጅ ቱቦ ውስጡ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይሠራል፤ አዲስ መሆን አለበት፣ አንዴ ቤንዚን የነካው አይሆንም።

አገጣጠም

ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ሰሌዳውን ብቻውን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኙና ፈርምዌሩን፣ ማለትም ሰሌዳውን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ጫኑ። ፕሮጀክቱ ለዚህ የሚሆን ኤርሮር ፍላሸር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለው፤ ወደቡን መርጣችሁ የእንግሊዝኛውን ቅጂ ትጭናላችሁ፣ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። የቺፑን ቁጥር እዚያው አንብባችሁ ኤልቦው ላይ በማርከር ጻፉት። አምስት ኪት ተዘርግቶ ሲገጣጠም ማን የማን እንደሆነ የሚጠፋው ይህን ባለመጻፍ ነው፤ ምዝገባውም ካለ ቁጥሩ አይሆንም።

ኤስዲኤስ011ን ከነመሰኪያው ወደ እናንተ አዙራችሁ ስትይዙት ፒኖቹ የሚቆጠሩት ከቀኝ ወደ ግራ ነው። 1ኛው ወደ ዲ1፣ 2ኛው ወደ ዲ2፣ 3ኛው ወደ ጂኤንዲ፣ 5ኛው ወደ ቪዩ። 4ኛው፣ 6ኛውና 7ኛው ባዶ ይቀራሉ። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ፦ የጃምፐሩ ቆብ በፒኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁለት ፒን መካከል ባለው ክፍተትም ጥብቅ ብሎ ይገባል። የተሰካ ይመስላል፣ ሲጎትቱትም አይወልቅም፣ የነካው ግን ፕላስቲክ ነው። «ማራገቢያው ይዞራል፣ ቁጥር ግን አይመጣም» የሚለው ስሞታ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ 5ኛው ሽቦ በትክክል ገብቶ 1ኛው መካከል ላይ ሲቀር ኃይል ይደርሳል፣ መረጃ አይወጣም። በባትሪ መብራት ከጎን እያያችሁ ሰኩት።

ቢኤምኢ280 ከሆነ ቪሲሲው ወደ 3.3 ቮልት፣ ጂኤንዲው ወደ ጂኤንዲ፣ ኤስሲኤሉ ወደ ዲ4፣ ኤስዲኤው ወደ ዲ3። ዲኤችቲ22 ከሆነ ከግራ 1ኛው እግር ወደ 3.3 ቮልት፣ 2ኛው ወደ ዲ7፣ 3ኛው ባዶ፣ 4ኛው ወደ ጂኤንዲ። የሙቀት መለኪያውን 5 ቮልት ላይ አትሰኩት።

ኃይል ስትሰጡት ኪቱ ራሱ የዋይፋይ ስም ያሰማል፤ ስሙ ኤርሮር ብሎ የቺፑ ቁጥር ይከተለዋል። በስልክ ገብታችሁ 192.168.4.1 ላይ የቤቱን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ትሞላላችሁ። ገጹ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ካለፈ ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው። ሲጀምር የትኛው የሙቀት መለኪያ እንደተመረጠ እዩ፤ ዲኤችቲ22 ከሆነ፣ ቢኤምኢ የገጠመ ሰው ያንን አጥፍቶ ይህንን ካላበራ ሙቀትና እርጥበት አይመጣለትም። ከዚያ በፕሮጀክቱ የምዝገባ ገጽ ላይ ቁጥሩን፣ ቦታውንና ከመሬት ያለውን ከፍታ ታስገባላችሁ። ትክክለኛ ቦታው ለሕዝብ እንዳይወጣ የሚያደርግ ምርጫም እዚያው አለ፤ ኪቱ የሚሰቀለው ሰው ግቢ ውስጥ ከሆነ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትለፉት።

ኤልቦው ውስጥ ሲገባ ሰሌዳውና ኤስዲኤስ011 ጀርባ ለጀርባ በማሰሪያ ይታሰራሉ፤ የብናኙ መግቢያ ላይ የተሰካው ቱቦ በታችኛው አፍ በኩል ጫፉ ትንሽ ብቅ ይላል፤ የሙቀት መለኪያው ከሰሌዳው ርቆ በሌላው አፍ በኩል ይሆናል፣ አለዚያ የቺፑን ሙቀት ነው የሚለካው። ሁለቱም አፍ ወደ ታች ያያል። ሁለቱንም በመስኮት የትንኝ መረብ ሸፍኑ። ጣና ዳር ማታ ማታ መብራት የሚከበው ትንኝ ኤልቦውን ቤቱ ያደርገዋል፣ ሸረሪቱ ትንኙን ተከትሎ ይገባል፣ ድሩ የቱቦውን አፍ ሲዘጋ ቁጥሩ ዜሮ አጠገብ ይወርዳል። ካርታው ላይ አረንጓዴ ሆኖ የከረመ ኪት ስታዩ ከመደሰታችሁ በፊት አፉን እዩት። ኤልቦዎቹንም በማጣበቂያ አትለጥፏቸው፤ ለጽዳት መከፈት አለባቸው።

የት ይሰቀል

ከመሬት 1.5 እስከ 3.5 ሜትር፣ ወደ መንገድ የሚያይ፣ አየር የሚዘዋወርበት። ከበረንዳ መብራት አጠገብ አይሆንም። ከማድ ቤት ጭስ መውጫ፣ ከጎረቤት ምጣድ፣ ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት በረንዳ መራቅ አለበት፤ ካልሆነ የሚለካው የቀበሌውን አየር ሳይሆን የአንድ ቤት የጀበና ሰዓት ነው። ግራፉ ላይ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ብቻውን ሾል ብሎ የሚወጣና በግማሽ ሰዓት የሚወርድ ጫፍ ካያችሁ ጎረቤታችሁ ናት፣ ኪቱን ወደ ሌላኛው ጎን አዙሩት። የከተማ ጭስ ሲሆን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ሌሎቹም ኪቶች አብረው ይነሳሉ።

ትልቁ ጉዳይ ግን የመረቡ አሰላለፍ ነው። ኪቱ መብራትና ዋይፋይ ይፈልጋል፤ ሁለቱም አስተማማኝ ሆነው የሚገኙት ሐይቁን ተከትለው በተሠሩት ሆቴሎችና ቢሮዎች ነው። ቀን ቀን ደግሞ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ውሃው ላይ የመጣው ንጹሕ አየር መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚያኑ ሆቴሎች ነው። ስለዚህ ዋይፋይ ያለበትን ብቻ ተከትሎ የተሰቀለ መረብ ባሕር ዳርን ከሆነችው በላይ ንጹሕ አድርጎ ያሳያል። አንድ ኪት ከጊዮርጊስ በታች ሐይቁ ዳር ይሁን፣ ለንጽጽር ይጠቅማል። የቀሩት ወደ ዋናው ገበያ፣ ወደ ዓባይ ማዶ፣ ወደ ሰባታሚት፣ ኮብልስቶን ያልደረሰባቸው ሰፈሮች ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ዋይፋይ ከሌለ እዚያ ላለው ኪት ዳታ መግዛት የማኅበሩ ወጪ ይሁን።

መብራትና ዋይፋይ

የኪቱ ትልቁ ድክመት ይኸው ነው። ልኬቱን ራሱ ላይ አያስቀምጥም፤ መብራት ሲሄድ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ያ ሰዓት ለዘላለም ጠፋ ማለት ነው። ኪቱ መብራት ቢኖረው እንኳ ራውተሩ ከጠፋ ያው ነው፤ ስለዚህ ለሁለቱም ነው ባትሪ የሚያስፈልገው። ኪቱ በአማካይ ከ1 ዋት ብዙም አይበልጥም፣ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ከአንድ ቀን በላይ ያቆየዋል። ግን ፓወር ባንኩ ሁለት ነገር ማሟላት አለበት፦ እየሞላ እያለ ኃይል መስጠት፣ እንዲሁም ጭነቱ ትንሽ ነው ብሎ ራሱን አለማጥፋት። ብዙዎቹ ሁለተኛው ላይ ይወድቃሉ። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ኪቱን ሰክታችሁ አንድ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ለራውተሩ ባለ 12 ቮልት አነስተኛ ዩፒኤስ ይበቃል።

ኤርኮ የራሱን መሣሪያ የሠራው በዚሁ ዓይነት ችግር ነው፤ በሞባይል ኔትወርክ ይልካል፣ በፀሐይ ኃይልም ይሠራል፣ ለአቧራና ለሙቀት ታስቦ የተሠራ ነው። የዚያ ዓይነቱ ለከተማ አስተዳደር ይመቻል፤ በየቤቱ ለሚገጣጠም ግን የሴንሰር ኮሚዩኒቲው ይቀላል።

ዋይፋዩ 2.4 ጊጋ ኸርዝ መሆን አለበት፤ ቺፑ 5 ጊጋ ኸርዝ አያይም። ከስልክ በሚጋራ ኢንተርኔት የምትጠቀሙ ከሆነ ስልኩ በ5 ጊጋ እንዳያሰራጭ ቅንብሩን እዩ። እንደ ሆቴልና እንደ ካምፓስ ዋይፋይ ገጽ ከፍቶ ስም የሚያስገባ ከሆነ ኪቱ አያልፈውም፤ ፔዳም ይሁን ፖሊ ግቢ ውስጥ የምትሰቅሉ ከሆነ ከአይቲ ክፍሉ የይለፍ ቃል ብቻ የሚጠይቅ ለብቻው የሆነ መስመር ጠይቁ። የምልክቱ ጥንካሬ ኪቱ ገጽ ላይ ይታያል፦ ከ−70 የተሻለ ከሆነ እሰዬው፣ ከ−85 ከወረደ የቀኑ ግማሽ መረጃ አይደርስም። ዳታው ብዙ አይበላም፤ በየ145 ሰከንዱ ስለሚልክ በቀን 600 ያህል ጊዜ ነው፣ ያም ጥቂት ሜጋ ባይት ነው።

ቻርጀሩን ርካሽ አታድርጉት። ቮልቱ ሲወርድ መጀመሪያ የሚደክመው ማራገቢያው ነው፤ ቁጥሩ አይጠፋም፣ ቀስ እያለ ይሳሳታል፣ ይህ ደግሞ ከመጥፋቱ ይብሳል። ክረምት ላይ መብረቁ እንደሚታወቀው ነውና መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ላይ ሰኩት።

ቁጥሩን ማንበብ

ኤስዲኤስ011 የሚሰጠው ሁለት ቁጥር ነው፦ ፒኤም 2.5 (እስከ 2.5 ማይክሮ ሜትር የሆነው ጥቃቅን ብናኝ) እና ፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ያለው)፣ በማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት አማካይ 15 እና 45 ነው። አምራቹ ደግሞ ስህተቱን 15 በመቶ ወይም 10 ማይክሮ ግራም፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው ይላል። 10ን ከ15 ጋር አስተያዩት። «ዛሬ 17 ነው፣ ከመመሪያው አልፏል» ብሎ መለጠፍ በዚህ መሣሪያ አይቻልም። 20 የነበረው 90 ሲሆን ግን እውነት ነው፤ የሰፈር ከሰፈር፣ የማለዳ ከቀትር ልዩነትም እውነት ነው። የሚያዋጣው እዚያ ላይ ነው።

ጭስ ጥቃቅን ስለሆነ ሌዘሩ በደንብ ያየዋል። ባጃጅ ያስነሳው አቧራ ግን አብዛኛው ትልልቅ ነው። ትንሿ ማራገቢያ ከባዱን ቅንጣት ጎትታ አታስገባውም፤ መሣሪያውም የፒኤም 10ን ቁጥር በአብዛኛው ከጥቃቅኖቹ ተነስቶ ነው የሚገምተው። ስለዚህ ጥርጊያ መንገድ ዳር በጥር ወር፣ ዓይን የማያስገልጥ አቧራ ተነስቶ እያለ፣ ፒኤም 10 ትንሽ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። ለመለየት የሚረዳው ይህ ነው፦ ሁለቱ ቁጥሮች ተያይዘው ከወጡ ጭስ ነው፤ ፒኤም 10 ብቻውን ከወጣ አቧራ ነው፣ እውነተኛው መጠንም ከሚታየው ይበልጣል። መንገድ ይነጠፍልን ብላችሁ ለክፍለ ከተማ ደብዳቤ የምታያይዙት ማስረጃ ይህ ኪት መሆን የለበትም። ለዚያ በማጣሪያ ወረቀት የሚሰበስብና የሚመዘን መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው።

ከዚያ እርጥበቱ አለ። አምራቹ ለኤስዲኤስ011 የሰጠው ወሰን 70 በመቶ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቅንጣቶቹ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ሌዘሩም ያበጠውን እንደ ትልቅ ብናኝ ይቆጥረዋል፤ ጉም ራሱ ብናኝ ሆኖ ይመዘገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ማለዳ ላይ ሐይቅ ዳር ያለ ኪት የሚያሳየውን ቀይ ቀለም ሳትጠራጠሩ አትቀበሉት። የተለመደው መላ እርጥበቱ ከ70 በላይ የሆነባቸውን ሰዓታት ምልክት አድርጎ ለብቻ ማስቀመጥ ነው። መሰረዝ አያስፈልግም፤ ብቻ ከደረቁ ሰዓት ጋር በአንድ አማካይ አይቀላቀሉ። ቢኤምፒ የተሸጠለት ሰው የሚከስረው ይህን ነው።

የቆየው መረጃ በቀን በቀን በፋይል ይወርዳል። ብናኙና እርጥበቱ የተለያየ መለያ ቁጥር ስላላቸው በተለያየ ፋይል ነው የሚመጡት፤ በሰዓታቸው ማጣመር የእናንተ ሥራ ነው። ሰዓቱ የግሪንዊች ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 መቀነስ ይበቃል፦ 15:00 የሚለው ማታ 12 ሰዓት፣ 4:00 የሚለው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። የቀኑ ፋይል የሚጀምረውም በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የማታውን ጭስ ከሰዓት በኋላ ላይ አድርጎ ይዘግባል።

ከመስቀላችሁ በፊት ኪቶቹን ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ለሳምንት አቆዩ። አንድ ላይ ወጥተው አንድ ላይ መውረድ አለባቸው። ከሌሎቹ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ካለ ልዩነቱን ጽፋችሁ ያዙ፤ አንዴ በልጦ አንዴ የሚያንስ ከሆነ ግን አትስቀሉት። የመስቀል ደመራ ሰሞን ደግሞ ማንም ሳያዘጋጀው የሚመጣ ጥሩ ፈተና ነው፤ ያን ዕለት ከተማው ውስጥ ያለ ጤነኛ ኪት ሁሉ ሽቅብ መውጣት አለበት፣ ያልተነሳው ወይ ድር ዘግቶታል ወይ ማራገቢያው ቆሟል።

ሎራዋን አይሻልም?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ሎራዋን ትንንሽ መልእክት በጥቂት ኃይል ሩቅ የሚያደርስ የሬዲዮ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አምስተርዳም ላይ የተጀመረው ዘ ቲንግስ ኔትወርክ በሎራዋን ይሠራል፤ ዋይፋይ አይፈልግም፣ ቤዛዊት ላይ የተተከለ አንድ ጌትዌይ (መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚያሳልፍ መሣሪያ) የከተማውን ሰፊ ክፍልና የሐይቁን ፊት ሊሸፍን ይችላል፣ ውሃ ላይ የሚጋርደው ነገር የለምና። ለሐይቁ ከፍታ፣ ለውሃ ሙቀት፣ ለአፈር እርጥበት ግሩም ነው። ለብናኝ ግን አይመችም። ማራገቢያው 5 ቮልትና 70 ሚሊ አምፒር ያህል ስለሚወስድ በትንሽ ባትሪ ለወራት የሚቆይ የለም። ዘ ቲንግስ ኔትወርክ ደግሞ ለአንድ መሣሪያ በቀን የሚፈቅደው የ30 ሰከንድ ሬዲዮ ጊዜ ነው፤ ሩቅ ያለ መሣሪያ በዘገምተኛው ፍጥነት አንዱን መልእክት ለመላክ ከ1 ሰከንድ በላይ ስለሚፈጅበት በቀን 20 አካባቢ ብቻ ይደርሰዋል። በየሰዓቱ አንድ ቁጥር እንኳ አይሞላም። የማለዳ ጭስ ግማሽ ሰዓት ውስጥ መጥቶ ይሄዳል። ጌትዌይ መትከል የምትፈልጉ ከሆነ የሬዲዮ ድግግሞሹን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ዕድሜውና መለዋወጫው

የሌዘሩ ዕድሜ 8,000 ሰዓት ነው ይባላል። ሳያቋርጥ ቢሠራ ዓመት አይሞላም። ፈርምዌሩ ግን በየ145 ሰከንዱ ለ20 ሰከንድ ብቻ ነው የሚያነቃው፤ 15 ማሟሟቂያ፣ 5 ልኬት። በዚህ ስሌት ከ6 ዓመት በላይ ይሄዳል። «ቶሎ ቶሎ ይለካ» ብላችሁ ልዩነቱን አታሳጥሩት። በእኛ አቧራ ከሌዘሩ ቀድሞ የሚሄደው ማራገቢያው ነው፦ መጀመሪያ መንጫጫት፣ ከዚያ መዘግየት፣ ከዚያ ዝም። በበጋ በየሁለት ወሩ፣ በክረምት የትንኝ መረቡ ሲረጥብና ሲዘጋ፣ ኤልቦውን ከፍታችሁ በብስክሌት መንፊያ በቱቦው በኩል ቀስ አድርጋችሁ ንፉ። የመኪና ጎማ ቤት ኮምፕሬሰር አይሆንም፣ ክንፉን ይሰብረዋል። ሳጥኑን ራሱን ፈታችሁ ሌንሱን በጨርቅ ለመጥረግ አትሞክሩ።

አምስት ጣቢያ ለማቆም ያሰበ ማኅበር ኤስዲኤስ011ን ሰባት ይዘዝ። አንዱ ማራገቢያው ለቆመበት ምትክ ነው። ሌላው አይሰቀልም፤ ታሽጎ ደረቅ ቦታ ይቀመጥና በየስድስት ወሩ ወጥቶ ከተሰቀሉት ጎን ለጎን ለሁለት ለሦስት ቀን ይሠራል፣ የትኛው ምን ያህል እንደሸሸ የሚታወቀው በእሱ ነው። አንዱ ኪት ሲበላሽ የሁሉም ዓይን እዚያ ሳጥን ላይ ስለሚያርፍ «የሚሰቀል አይደለም» ብላችሁ ጻፉበት፣ ቁልፉንም ገጣጣሚ ላልሆነ ሰው ስጡት።